ትርፍ የተባለው ጊዜ

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ገበሬ ማሳ ዳር፣ ተጣጣፊ ወንበር ላይ ሆኖ ነፋሱ ጋብ እስኪል ከሚጠብቅ ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ሮኬት መሥራት ከጀመረ አርባ ዓመት አልፎታል። ወሬያችን ቴሌቪዥን ላይ ሲደርስ ፊቱ ጠቆር አለ። «ያልሆነ ነገር አላሳዩም» አለኝ። «የፈነዳው በእርግጥ ፈንድቷል፤ የወደቀውም ወድቋል። እኛ ግን ያ አይደለንም።»

እንዲህ ያለውን ቅሬታ በቀላሉ ማለፍ ይቻላል። ድምፁን ተቀድቶ የሰማ ሰው ሁሉ «ይኼ የእኔ ድምፅ አይደለም» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ግን አብሮኝ ወደ ቤት ገባ። እያንዳንዱ ምስል እውነት ሆኖ ሳለ ድምሩ ውሸት ሊሆን ይችላል? ከሆነስ ውሸቱ የተቀመጠው የቱ ጋ ነው?

ነገሩን ከሥሩ ለማያውቅ ሰው አንድ ታሪክ ልንገር። አሜሪካ ውስጥ ሮኬት መሥራት በትርፍ ጊዜ ማሳለፊያነት የተወለደው ከፍንዳታ ለመሸሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ወጣቶች በብረት ቧንቧ ውስጥ ኬሚካል እየጠቀጠቁ ሮኬት ሲሞክሩ ጣታቸውን፣ አንዳንዴም ሕይወታቸውን ያጡ ነበር። ኔብራስካ ውስጥ ኖርፎክ በምትባል ከተማ የጫማ መደብር የነበረው ኦርቪል ካርላይል በ1954 ሌላ መንገድ ቀየሰ። የሮኬቱ አካል ወረቀትና ቀላል እንጨት ሆነ፤ ሞተሩ ተዘጋጅቶ የታሸገ፣ አንዴ ተቃጥሎ የሚጣል ሆነ፤ መመለሻውም ፓራሹት። በዋይት ሳንድስ የሚሳይል መሞከሪያ ይሠራ የነበረው ሃሪ ስታይን በ1957 መጀመሪያ ስለ ወጣቶቹ አደጋ በመጽሔት ጽፎ ነበርና ካርላይል ጽሑፉን አንብቦ ደብዳቤ ላከለት። በዚያው ዓመት የሮኬተኞች ማኅበር ተቋቋመ። ሶቪየቶችም በዚያው ዓመት ስፑትኒክ የተባለችውን ሳተላይት አመጠቁ፤ ያኔ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። እንግዲህ ካሜራው ደጋግሞ የሚያሳየው ፍንዳታ፣ እነዚህ ሰዎች ሊያስቀሩት የተነሡት ነገር ነው። ስለ ሆስፒታል ፕሮግራም ተሠራ ተብሎ የአስከሬን ክፍሉን ብቻ እንደ ማሳየት ይቆጠራል።

እዚያ ማሳ ያደረሰኝ የእህቴ ልጅ ነው። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሮኬቱን ሦስት ሳምንት ሠርቶታል። የባልሳ እንጨቱን ክንፎች በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልስ፣ ሙጫው እስኪደርቅ በጣቱ ደግፎ ሲይዝ፣ አንዷ ክንፍ ጠመም ብላ ስትገኝ ነቅሎ እንደ ገና ሲለጥፍ አይቻለሁ። ሞተሩ አውራ ጣት ያህላል፤ «ሲ6-5» የሚል ተጽፎበታል። ፊደሉ አቅሙን ይናገራል፤ በአንድ ፊደል ከፍ ባለ ቁጥር የአቅሙ ጣሪያ እጥፍ ይሆናል። ስድስቱ አማካይ ግፊቱን በኒውተን ይነግራል፤ አምስቱ ደግሞ ባሩዱ ካለቀ በኋላ ፓራሹቱ ተገፍቶ እስኪወጣ ያለውን ሰከንድ። ባሩዱ ነድዶ የሚያልቀው ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ደርሰን ወረፋ ያዝን፤ ነፋስ ተነሣና ቆምን፤ እንደ ገና ወረፋ ያዝን። «ጋሼ፣ መቼ ነው የኛ?» እያለ ጥያቄው መቶ ሞላ። የእኛ ተራ የደረሰው ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነበር።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ሁለት ግሥ ያቀርብልናል፤ መተኮስና ማስወንጨፍ። የመጀመሪያው ጠመንጃ ይሸታል። ሁለተኛው የወንጭፍ ዘመድ ነው፤ ወንጭፍ ደግሞ ማማ ላይ ቆሞ ማሽላ የሚጠብቅ ልጅ መሣሪያ ነው። ያ ልጅ ድንጋይ የሚወረውረው ለቅጽበት ነው፤ የቀረውን ቀን ይጠብቃል። ሥራው ምንድነው ብትሉት «ወፍ ጠባቂ ነኝ» እንጂ «ድንጋይ ወርዋሪ ነኝ» አይላችሁም። የማሳው ሽማግሌም ቅሬታው ይኸው መሰለኝ፤ ጠባቂ ሆኖ ሳለ ወርዋሪ ተብሎ ተጠራ።

ሌላም ቃል አለን፤ ትርፍ። ትርፍ አንድም የተረፈ፣ ቢቀር የማይጎዳ ነገር ነው፤ አንድም ነጋዴ ከዋናው በላይ የሚያገኘው። ለቴሌቪዥን አዘጋጅ እነዚያ ሦስት ሰዓታት በመጀመሪያው ትርጉም ትርፍ ናቸው፤ ተቆርጠው ይጣላሉ። ለሽማግሌው ደግሞ በሁለተኛው ትርጉም ትርፉ እነሱ ናቸው። ውሸቱ የት ነው ላልኩት ጥያቄ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። ውሸቱ በምስሎቹ ውስጥ የለም፤ በመካከላቸው ነው። ማሳው ላይ በአንድ ፍንዳታና በሚቀጥለው መካከል ቀጥ ብለው ወጥተው በሰላም የተመለሱ ብዙ ሮኬቶች፣ ምሳና ጨዋታ አሉ። ስክሪኑ ላይ ግን ፍንዳታ ከፍንዳታ ጋር ጎረቤት ይሆናል።

ሮኬተኞቹ ግን ጻድቃን አይደሉም። ትልልቅ ሮኬቶችን የሚያስወነጭፉት በ1982 ኦሃዮ ውስጥ ለጀመሩት ዓመታዊ ስብሰባ «ትልልቅ አደገኛ ሮኬቶች» የሚል ስም ያወጡለት ራሳቸው ናቸው። ቀልድ ነበር። ከደህንነት ደንባቸው ጋር የሚኖር ሰው በራሱ ላይ የሚቀልደው ቀልድ። ሳይንስ ቻናል የተባለው ጣቢያ በኋላ ስሙን እንዳለ ወስዶ የፕሮግራሙ ርዕስ አደረገው፤ ቀልዱ ከቤት ሲወጣ ማስታወቂያ ሆነ። ሞተር ሲፈነዳ ከሁሉ በፊት የሚያጨበጭቡትም እነሱ ናቸው፤ እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቆጠራውስ? አምስት፣ አራት፣ ሦስት እያሉ ወደ ኋላ መቁጠርን በዓለም ያስለመደው ፍሪትዝ ላንግ በ1929 ስለ ጨረቃ ጉዞ የሠራው ፊልም ነው፤ ለተመልካች ልብ መስቀያ። ዛሬ ቆጠራ የማኅበሩ የደህንነት ደንብ ነው፤ ሳይቆጠር ቁልፍ አይነካም። ስክሪን የሰጣቸውን ይዘው በስክሪን ላይ ማማረር ትንሽ ይከብዳል።

ቢሆንም ነገሩ የክብር ብቻ አይደለም። ማሳው የሰው ነው። ገበሬው አንድ ማታ ቴሌቪዥን ከፍቶ «ፈንጂ» የሚል ቃል ቢሰማ፣ በማግስቱ በሩን ቢዘጋ፣ ማን ይወቅሰዋል? የመንግሥት የጦር መሣሪያና ፈንጂ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የትልልቆቹን ሞተሮች ነዳጅ ከፈንጂ መድቦት ስለ ነበር የሮኬተኞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2000 ከስሰው ዘጠኝ ዓመት ተሟግተዋል። የክርክሩ ልብ ነዳጁ ይነድዳል ወይስ ይፈነዳል የሚለው ነበር። በመጋቢት 2009 ፍርድ ቤቱ ለሮኬተኞቹ ፈረደ። ዘጠኝ ዓመት በአንድ ግሥ የተሟገተ ሰው፣ ዜና አንባቢ ግሡን በግድየለሽነት ሲጠቀምበት ቢቆጣ አይፈረድበትም።

ከዚህ የከፋውም በየካቲት 2020 መጣ። መሬት ጠፍጣፋ ናት በማለት የሚታወቀው ማይክ ሂውዝ ካሊፎርኒያ በረሃ ላይ ራሱ በሠራው የእንፋሎት ሮኬት ተሳፍሮ ተወነጨፈ፤ ፓራሹቱ ገና ሲነሣ ተላቀቀ፤ ሰውየው ሞተ። ሙከራው ለቴሌቪዥን ተከታታይ ይቀረጽ ነበር። አማተር የሮኬት ሰው ተብሎ በየዜናው ሲነገር፣ ከሮኬታቸው በሜትር እየለኩ የሚርቁት ሰዎች ከእሱ ጋር በአንድ ስም ተጠሩ። በሟች አልፈርድም። ስሙ ግን አልተገጣጠመም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ስሜት እናውቀዋለን፤ የአንድ ትርፍ ጊዜ ጨዋታን ከረሃብ ጋር ማንሣቴ ይቅር ይባልልኝና። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከኮረም የወጣው የቢቢሲ ምስል እውነት ነበር። መንግሥት የደበቀውን ገለጠ፤ ነፍስም አተረፈ። ጉዳቱ የመጣው ከምስሉ አይደለም። ለብዙ ዓመት ያለ ጎረቤት ብቻውን በመቆሙ ነው።

ታዲያ ቴሌቪዥን መጠበቁንም ያሳይ ማለቴ ነው? አይደለም። አንድ ጣቢያ ያን የሦስት ሰዓት ጥበቃ ሳይቆርጥ ቢያስተላልፈው ተመልካቹ አይጠብቅም፤ ይሰለቻል እንጂ። መጠበቅ የሚችለው ጣቱ ላይ ሙጫ ያለበት ብቻ ነው። ስለዚህ ሽማግሌው «እኛን እንዳለን አሳዩ» ሲል የጠየቀው የማይቻል ነገር ነው፤ እኔ በዚህ አልተባበረውም። የሚቻለው አነስተኛ ነው፤ ግን ዕዳ ነው። ነገሩን በስሙ መጥራት፣ መቁረጥንም መናገር። «ይህን ለማየት ግማሽ ቀን ጠብቀናል» ማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

ከፍርድ ቤቱ ውሳኔ አንድ ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ መገባደጃ 2009፣ እዚያው ሜሪላንድ ውስጥ ስቲቭ ኢቭስ የተባለ የመኪና አካል ጠጋኝ ሳተርን 5 የተባለውን የጨረቃ ሮኬት በአሥር እጥፍ አሳንሶ ሠርቶ አስወነጨፈ። ቁመቱ 11 ሜትር ግድም፣ ክብደቱ ከ700 ኪሎ በላይ ነበር። 1,350 ሜትር ያህል ወጣና በፓራሹት ተንጠልጥሎ ወርዶ ማሳው ላይ አረፈ። አልፈነዳም።

የእህቴ ልጅ ሮኬትም አልፈነዳም። ነፋስ ወስዶት ከማሳው ጥግ ካለ ዛፍ ላይ ሰቀለው፤ ሽማግሌው ረጅም ዘንግ ይዞ መጥቶ አወረደልን። በዚህ አካባቢ ያላችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብቅ በሉ። ወንበርና ባርኔጣ አትርሱ፤ ምሳም ቋጥሩ።