ኀፍረቱ የማን ነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ብሂል የማያውቅ በመካከላችን አይገኝም። ይሁን እንጂ ራሱን ወይም ጥርሱን ያመመው ሰው ለጎረቤቱ ሁሉ ሲናገር፣ ሕመሙ ከወገብ በታች የሆነበት ግን ምሳሌውን እያወቀ ይደብቃል። ኪንታሮት የሚያሠቃየው ወይም መሽናት ያቃተው ጎልማሳ ሐኪም ፊት ከመቅረብ ይልቅ ሥቃዩን ለዓመታት ተሸክሞ መኖርን ይመርጣል፤ ይህንኑም ጨዋነት ይለዋል። በእውነቱ ጨዋነት ነውን?

እንደ እኛ አስተሳሰብ ሁለት ነገሮች እዚህ ላይ ተደባልቀዋል። ጨዋነት ሰውነትን ያከብራል፤ ስለዚህም ከማይገባው ዐይን ይሰውረዋል። ይሉኝታ ግን የሚጠብቀው ስምን ነው፤ ስሙ እንዳይነሣ ሲል ሰውነቱ እንዲጠፋ ይፈቅዳል። ለሐኪም መታየት ጨዋነትን አያፈርስም፤ የሚከበር አካል እንክብካቤም ይገባዋልና።

ፊስቱላ የሚባለውን ሕመም እንመልከት። አንዲት እናት ምጥ ጸንቶባት ሁለት ሦስት ቀን ሳትገላገል ስትቀር፣ የሕፃኑ ራስ በሽንት ፊኛዋና በብልቷ መካከል ያለውን ሥጋ ተጭኖ ደም ይከለክለዋል፤ ሥጋውም ይሞትና ይቀደዳል። ከዚያ በኋላ ሽንቷ ያለ ፈቃዷ ቀንና ሌሊት ይፈሳል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት አይወለድም። እንግዲህ ምንም ያልበደለች እናት ልጇን ቀብራ ሳታበቃ በራስዋ ማፈር ትጀምራለች። እንዲቀንስላት ብላ ውኃ መጠጣት ትተዋለች፤ ይህም ሽንቱን አወፍሮ ሽታውን ያብሰዋል፣ ቆዳዋንም ያቆስላል። እግሯን አጥፋ በአንድ ጥግ ከመተኛት ብዛት መራመድ የሚሳናትም አለች። ቀዳዳው ትንሽ ሆኖ ከወሊዱ በኋላ ሳትዘገይ ሐኪም ዘንድ ብትቀርብ ግን፣ ለጥቂት ሳምንታት በሚገባ የሽንት ማስወጫ ቱቦ ብቻ፣ ያለ ቀዶ ጥገና የምትድንበት ጊዜ አለ። ይሉኝታ የሚነጥቃት እነዚህን ሳምንታት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ሀገራችን የመጡት ባልና ሚስት ሐኪሞች ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ ያለ ክፍያ የሚያክመውን የፊስቱላ ሆስፒታል አቋቋሙ፤ ከጊዜ በኋላም በባሕር ዳር፣ በመቐለ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች ተከፍተዋል። በእነርሱ እጅ የታከሙት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ሙያውን ከእነርሱ ተምረው፣ ራሳቸው ቀዶ ጥገና እስከ ማድረግ ደርሰዋል።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የምናገኛት፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም ይፈስሳት የነበረች ሴት ብዙ ጊዜ ስለ እምነቷ ትነሣለች። አንድ ነገር ግን እናልፋለን፤ ሴትዮዋ ሐኪም አልሸሸችም። ያላትን ሁሉ ለሐኪሞች ጨርሳ ነበር። ከኋላ ተደብቃ የመጣችው ሕዝቡን ፈርታ ይመስለናል። ያ ሕዝብ ደግሞ እኛ ነን።

ይህን የምንለው ከራሳችን ጥፋት ተነሥተን ነው። በቅዳሴ ጊዜ ከደጅ ርቃ ከዛፍ ሥር የምትቀመጥ አንዲት እናት ነበረች። እምነቷ የላላ መስሎን ገሠጽናት፤ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ምክንያቱን የተረዳችው የካቴኪስቱ ባለቤት ናት፤ እርስዋም የተረዳችው ጠይቃ ሳይሆን፣ ልብስ ለማጠብ አብራት ወንዝ ስለ ወረደች ነው።

ካቴኪስቶቻችን እናቶችን በሚያስተምሩበት ጊዜ የሕመሙን ስም ድምፃቸውን ሳይቀንሱ ቢጠሩት መልካም ነው፤ የታማሚዋን ስም ግን በጉባኤ ፈጽሞ አያንሡ። ወደ ቤቷ ሴት ትሂድ። ለባልም ሆነ ለካህን የሚነገረው እርስዋ ስትፈቅድ ብቻ ይሁን። ሕክምናው ያለ ክፍያ ቢሆንም መንገዱ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከገንዘቡም ይልቅ አብሮ የሚሄድ ሰው።

ያቺ እናት ወደ ሆስፒታሉ ስትሄድ የመሳፈሪያውን ዋጋ የቁምስናው እናቶች አዋጥተው ከፈሉ። የካቴኪስቱ ባለቤትም አብራት ተሳፈረች፤ ወንበሩ እንዳይርስ ብላም የገዛ ጋቢዋን አጥፋ ከሥሯ አነጠፈችላት።