ቅጠሉ ሌሊት ምን ይበላል?



ዛሬ የማጫውታችሁ ራሴ ስላጠፋሁት ጥፋት ነው።

ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም አንድ እሑድ በሰንበት ትምህርት ቤት ሥነ ፍጥረትን ሳስተምር ነበር። ዕፅዋት በዕለተ ማክሰኞ፣ ፀሐይ በዕለተ ረቡዕ መፈጠራቸውን ተናግሬ ሳልጨርስ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የባዮሎጂ አስተማሪያችን ቅጠል ያለ ፀሐይ ምግቡን መሥራት አይችልም ብለውናል። ታዲያ የማክሰኞው ቅጠል እስከ ረቡዕ ምን በልቶ አደረ?» ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን «እንዲህ ያለው ጥያቄ እምነት ከጎደለው ልብ ነው የሚወጣው፤ ተቀመጪ» አልኳት። ተቀመጠች። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣችም። ከዚያ በኋላ ባለውም አልመጣችም።

ለምን ተቆጣሁ? አንደኛው ነገር መልሱን አላውቀውም ነበር። ከዚያ የባሰው ግን ፍርሃት ነው። የቅጠሉ አሠራር አንድ በአንድ ከታወቀ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን የምንቆርሰው እንጀራ ተራ ነገር ሆኖ የሚቀር መሰለኝ። ለመሆኑ የስጦታ አሠራሩ ሲታወቅ ምስጋናው ይቀንሳል ወይ?

የእኅቴን ልጅ የባዮሎጂ መጽሐፍ ተውሼ ማንበብ ጀመርኩ፤ ከዚያም ሌላ መጽሐፍ ጨመርኩ። በዛሬዋ ቤልጂየም ይኖር የነበረ ቫን ሄልሞንት የሚባል ሐኪም 90 ኪሎ ያህል ደረቅ አፈር መዝኖ በገንዳ ውስጥ ከሁለት ኪሎ ብዙም የማይበልጥ የአኻያ ችግኝ ተከለ። አምስት ዓመት ውኃ ብቻ አጠጣው። ዛፉ 77 ኪሎ ገደማ ሆነ። አፈሩን መልሶ ቢመዝነው የጎደለው 60 ግራም እንኳ አይሞላም! ጽሑፉ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1648 ታተመ። እሱ ዛፉ በሙሉ ከውኃ የተሠራ መሰለው። «ጋዝ» የሚለውን ቃል ለዓለም ያስተዋወቀው ራሱ ሆኖ ሳለ አየሩን ረሳው። ሊቅም ይስታል ለካ። እ.ኤ.አ. በ1779 ደግሞ ኢንገንሃውዝ የሚባል የሆላንድ ሐኪም ውኃ ውስጥ የተነከረ ቅጠል ፀሐይ ሲያገኝ አረፋ እንደሚያወጣ፣ በጨለማ ግን እንደሚያቆም አሳየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቅጠሉ ሥር ዓይን የማያያቸው ደቃቅ በሮች አሉ፤ እኛ ተንፍሰን የምናወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በእነርሱ ይገባል። ይህ ጋዝ ከአየሩ 10,000 እጅ ውስጥ 4 እጅ ያህል ብቻ ነው። ውኃው ከሥር ይወጣል። አረንጓዴው ክሎሮፊል ብርሃኑን ይይዝና በዚያ ኃይል ውኃው ይከፈላል፤ ኦክስጅኑ ወጥቶ እኛ እንተነፍሰዋለን፣ የቀረው ከካርቦኑ ጋር ተዋሕዶ ስኳር ይሆናል። ስኳሩም ስታርች፣ ቅባት፣ ግንድና ፍሬ ይሆናል። ብርሃኑ ከፀሐይ ተነሥቶ እስኪደርስ 8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል።

እንግዲህ በጾም የምንበላውን እናስብ። የሽሮው ሽምብራ፣ የተልባው ዘይት፣ የእንጀራው ጤፍ ከአፈር የወጡ ይመስሉናል፤ አፈሩ የሰጣቸው ጥቂት ማዕድን ነው፤ የደረቀው ክብደታቸው አብዛኛው ከአየር የተለቀመ ነው። ጤፍማ ካርቦኑን አስቀድሞ የሚያጠራቅምበት ተጨማሪ ዘዴ ስላለው በጠራራ ፀሐይ ከስንዴና ከገብስ ይልቅ ቆጣቢ ነው። ገበሬው ያርሳል፣ ያርማል፣ ወገቡ እስኪቆረጥ ያጭዳል፤ ድካሙን ማንም አይክደውም። ብርሃኑን ወደ እህል የሚለውጠው ግን ቅጠሉ ነው። እኔም «በደመወዜ የገዛሁት እንጀራ» ስል የከፈልኩት ለገበሬው፣ ለነጋዴውና ለወፍጮው ነው። ብርሃኑን ማንም ሒሳብ አላስከፈለኝም።

አንብቤ ስጨርስ ምስጋናዬ ቀነሰ? እናቴን አስታወስኩ። ከመሶብ አንሥቶ የሚበላ እንግዳ «እጅሽ ይባረክ» ይላል፤ ጥሩ ነው። ሌሊት ተነሥታ አብሲት ስትጥል፣ ጭሱ ዓይኗን ሲያቃጥላት እያየች ያደገችው እኅቴ ግን አንዲት ቁራሽ እንኳ ሜዳ ላይ ወድቃ ማየት አትወድም። ጓዳውን ማየቷ ፍቅሯን አልቀነሰውም።

የማክሰኞና የረቡዕ ነገርስ? ቅዱስ ባስልዮስ ይህን ቅደም ተከተል በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንሥቶታል፤ ዕፅዋት የቀደሙት ሰዎች ፀሐይን የሕይወት ምንጭ አድርገው እንዳያመልኳት ነው ይላል። ብርሃን ደግሞ በዕለተ እሑድ መፈጠሩን ሁላችንም ተምረናል። ቅጠልም ብርሃን ካገኘ በአምፖልም ይሠራል። ይህን ስል ኦሪትን የባዮሎጂ መጽሐፍ ላድርገው ማለቴ አይደለም። ጥያቄዋን አባቶችም ጠይቀውታል፤ የተቆጣሁት እኔ ነኝ ለማለት ነው።

በአንድ ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። እናቷ ሽሮ ጥደው ነበር። በእርሳቸው ፊት «እኅቴ፣ ይቅር በይኝ፤ ያን ዕለት የጎደለው የእኔ ዕውቀት ነው» አልኳትና ያነበብኩትን ሁሉ ነገርኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። ከዚያ ቀና ብላ «መምህር፣ ሌሊትስ ምን እንደሚበላ አንብበዋል?» አለችኝ።

እዚያ ገጽ ላይ አልደረስኩም ነበር። እሷ ነገረችኝ፦ ቀን ከሠራው ስኳር ጥቂቱን ስታርች አድርጎ ያስቀምጣል፤ ሌሊት እሱን ይበላል። በኋላ እኔም ሳነብ ተመራማሪዎች አንዳንድ ዕፅዋት ስንቃቸውን እስኪነጋ እንዲደርስ አብቃቅተው እንደሚጠቀሙበት ማግኘታቸውን አየሁ። በሚቀጥለው እሑድ ይህን ለክፍሉ እንድታስተምር ቦታዬን ለቀቅኩላት።