የተራበው ካርድ

ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ሰው ለገና አዲስ አበባ ሊመጣ ሲል ለእህቱ ልጅና ለወንድሙ ልጅ ደወለ። «ለእያንዳንዳችሁ 2,000 ዶላር መድቤያለሁ። ጌም የምትጫወቱበትን ኮምፒውተር ዕቃ ዕቃውን ምረጡና ዝርዝሩን ላኩልኝ» አላቸው።

የእህቱ ልጅ ለማሰብ ጊዜ አልፈጀበትም። «ጋሼ፣ አርቲኤክስ 4090 ይምጣልኝ እንጂ ሌላው አያሳስብም» አለ። እውነትም ይህ የግራፊክስ ካርድ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ ከጌም ካርዶች ሁሉ የሚስተካከለው አልነበረም። የወጣበት ዋጋ ደግሞ 1,599 ዶላር ነው። በተረፈው 401 ዶላር ልጁ ያገለገለ ማዘርቦርድ ከነባለ አራት ኮር ፕሮሰሰሩ፣ አንድ ፍሬ 8 ጊጋባይት ራም፣ «600 ዋት» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ርካሽ ፓወር ሰፕላይ፣ እንዲሁም ካርዱ ከውጭ እንዲታይ ጎኑ መስታወት የሆነ ኬዝ ገዛ። ስክሪኑ ቤት የነበረው ባለ 60 ሄርዙ ሆነ።

የወንድሙ ልጅ በበኩሏ ከስክሪኑ ጀመረች። ባለ 27 ኢንች፣ ጥራቱ 1440ፒ፣ በሰከንድ 144 ምስል የሚያሳይ መረጠች። ከዚያ ወደ ኋላ እየሄደች ይህን ስክሪን የሚመግብ ካርድ የትኛው ነው ብላ ጠየቀች፤ ሲወጣ 599 ዶላር የነበረውን፣ 200 ዋት የሚበቃውን አርቲኤክስ 4070 አገኘች። ለካርዱ ሥራ የሚያደርስለት ባለ ስድስት ኮር ራይዘን 5 7600 ጨመረች። ራሙን አንድ ባለ 32 ከማድረግ ሁለት ባለ 16 አደረገችው፤ ጥንድ ራም ፕሮሰሰሩን በሁለት መስመር ያገለግላልና። ስሙ ከታወቀ አምራች 750 ዋት ፓወር ሰፕላይ ያዘች። የተረፋትን ደግሞ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ለሚያድናት ዩፒኤስ አዋለችው።

ኮምፒውተሮቹ ተገጣጠሙ። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ የልጁን ሊያዩ ጎረፉ፤ በመስታወቱ ውስጥ ካርዱ ያበራል። ካውንተር-ስትራይክ 2 ሲከፈት ግን ጭሱና ተኩሱ በበረታ ቁጥር ምስሉ ይንተፋተፋል። ሳይበርፐንክ 2077ን ሁሉንም ቅንብር ጣራ አድርሶ ሲከፍተው ደግሞ ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ጠፋ። ደጋግሞ አበራው፤ ደጋግሞ ጠፋ።

«ካርዱ ተበላሽቶብኛል» ብሎ ወደ ጠጋኝ ወሰደው። ጠጋኙ ፈታታው፣ ገመዶቹ በአዳፕተር የተቀጣጠሉበትን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«የኔ ልጅ፣ ካርዱ ጤነኛ ነው፤ የተራበ ነው እንጂ። ብቻውን እስከ 450 ዋት ይስባል፤ አምራቹ 850 ዋት ፓወር ሰፕላይ ያዙለት ይላል። ያንተ ያንን አይችልም። ሥራም ይርበዋል፤ እያንዳንዱን ምስል መጀመሪያ የሚያሰናዳለት ፕሮሰሰሩ ነው፤ እሱ ሲዘገይ ካርዱ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ሠርቶ ያወጣውንም ቢሆን ስክሪንህ በሰከንድ ከ60 በላይ አያሳይም።»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«ወይ የቀረውን ሁሉ ለሱ የሚመጥን ግዛለት፣ ወይ እሱን ሽጥና በዋጋው ሙሉ ኮምፒውተር ግጠም።»

ለመጀመሪያው ገንዘብ አልነበረውም፤ ለሁለተኛው አንጀቱ አልቆረጠለትም። ካርዱ በመስታወቱ ውስጥ እንዳበራ ቀረ። እንግዳ ሲመጣ ያሳያል፤ ጌም ሲያምረው ወደ ልጅቷ ቤት ይሄዳል።

አጎትየው ሊመለስ ሲሰናበት ይህን ሰምቶ ልጅቷን ጠየቃት፦ «ያንቺ ካርድ ከሱ ያነሰ አይደለም እንዴ?»

«ያነሰ ነው ጋሼ። ከኮምፒውተሬ ክፍሎችም ቀድሞ የሚደክመው እሱ ነው። አስቤ ያደረግሁት ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት እሱን ብቻ አውጥቼ የተሻለ እሰካለሁ። ወንድሜ ግን ካርዱን ትቶ ሌላውን ሁሉ መለወጥ አለበት።»

ምሳሌው ውድ ዕቃ አትግዙ አይልም። ያው 4090 በቂ ፓወር ሰፕላይ፣ ፈጣን ፕሮሰሰርና 4ኬ ስክሪን ካለበት ቢገባ የወጣበትን ይመልሳል። ልጁ የተሸወደው ዋጋውን ከካርቶኑ ላይ ብቻ በማንበቡ ነው። የአንድ ዕቃ ዋጋ የሚሞላው ከጓደኞቹ የሚጠይቀው ሲደመርበት ነው።

መሥሪያ ቤትም እንደዚሁ ይሸወዳል። የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ፣ መለዋወጫና አስተማማኝ መብራት ሳይታሰብለት የተገዛ መሣሪያ ተመርቆ፣ ፎቶ ተነስቶበት፣ ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል። አንድ ጎበዝ ሠራተኛ በትልቅ ደመወዝ ቀጥሮ የሚያግዘው ሰው የሚነፍግ አለቃም በኋላ «ሰውየው አልሠራም» ይላል።

የልጅቷ መልስ ግን ከዚህም ያልፋል። ሁሉም ነገሩ እኩል የበረታ ኮምፒውተር አይገኝም፤ ምንም ያህል ብር ቢፈስበት አንዱ ክፍል ከሌሎቹ ቀድሞ መድከሙ አይቀርም። ቤትም፣ ድርጅትም፣ ዕቅድም እንዲሁ ናቸው። ያላሰበበት ሰው ድካሙ መሠረቱ ላይ ይወድቅበታል። ያሰበበት ግን ነቅሎ ለመለወጥ የሚቀለውን ቦታ መርጦ ድካሙን እዚያ ያኖረዋል።