በስሙ ከመጥራትህ በፊት

ልጄ፣ በጃቫ ሜተድን በስሙ ፈልጎ መጥራት ከቻልክ ወዲህ ኮድህ ሁሉ ሪፍሌክሽን ሆኗል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ጃቫ 1.1 በ1997 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ጀምሮ አለ። ጄዩኒትና ስፕሪንግ ቢጠቀሙበት አይፈረድባቸውም፤ ያንተን ክላስ ቀድመው ከየት ያውቁታል? አንተ ግን በእጅህ የጻፍከውን ሜተድ ስሙን በጥቅስ ከተህ ስትጠራ፣ ኮምፓይለሩ ይይዝልህ የነበረው ስህተት ደንበኛ ፊት ይወጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ግድ ከሆነብህ ግን ዓይነቱን በደንብ ተመልከት። ሜተዱ የሚቀበለው ኢንት ሆኖ ሳለ አንተ ለጌትሜተድ ኢንቲጀር ክላስን ብትሰጠው፣ ሜተዱ እዚያው ተቀምጦ «እንዲህ ያለ ሜተድ የለም» ይልሃል። የሚያበሽቀው፣ ኢንቮክ ላይ ሲደርስ ያንኑ ኢንቲጀር ራሱ ወደ ኢንት ለውጦ ያስገባዋል። ጌትሜተድ ፐብሊኩን ብቻ፣ የወረሰውንም ጨምሮ ያያል፤ ጌትዲክሌርድሜተድ ፕራይቬቱንም ያያል፣ የወረሰውን ግን አያይም። ስንቱ በዚህ ሲደናበር ያድራል!

የጠራኸው ሜተድ ውስጥ ስህተት ቢፈጠር ደግሞ የሚደርስህ በኢንቮኬሽን ታርጌት ኤክሴፕሽን ተጠቅልሎ ነው። መጠቅለያውን ሎግ አድርገህ አትለፍ፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና በጌትኮዝ ግባበት።

ሴትአክሰሲብልን ትሩ እያልክ የሰው ፕራይቬት መክፈትም ልማድ አይሁንብህ። በ2021 የወጣው ጃቫ 17 የራሱን የውስጥ ክፍሎች ዘግቷል፤ ፕሮግራሙን ስታስነሳ አድ-ኦፕንስ ካልጻፍክ በቀር አይከፈቱልህም። ትናንት የሠራው ኮድ ቨርዥን በተቀየረ ማግስት የሚወድቀው በዚህ ነው። ፍለጋውም ዋጋ አለውና ሜተዱን አንዴ አግኝተህ አስቀምጠው እንጂ ሉፕ ውስጥ አትፈልገው።

ከሁሉ የምፈራልህ ግን የሜተዱን ስም ከተጠቃሚ ተቀብለህ በቀጥታ የጠራህ ቀን ነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሜተድ በክላስህ ውስጥ አይጠፋም፤ መረጃ የሚያጠፋው ራሱ ፐብሊክ ሊሆን ይችላል። የተፈቀዱትን ስሞች ማፕ ውስጥ አስገባ፤ ከዚያ ውጪ የመጣውን መልስ። ከጃቫ 8 ወዲህ እኮ በየስሙ አንጻር ሜተድ ሪፈረንስ ማስቀመጥ ትችላለህ፤ ያኔ ሪፍሌክሽኑን ራሱን ትሰርዘዋለህ።