በሰው ልቡና የተፈጠረ ልሳንና የሰናዖር ጥያቄ

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 11 የሰናዖርን ግንብ ታሪክ የሚያነብ ሰው፣ የልሳን መለያየት ለአዳም ልጆች ቅጣት ሆኖ ተሰጠ ወይስ ከጥንት በፍጡር ባሕርይ ውስጥ የተሰወረ ጸጋ ነበረ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይህን ጥያቄ ራሳቸው ልሳን ፈጥረው የመረመሩ ሰዎች አሉ። ዶክተር ዛሜንሆፍ እ.ኤ.አ. በ1887 ኤስፔራንቶን በዋርሶ ሲያሳትም የተለያዩትን ሕዝቦች በአንድ ልሳን ሊያቀራርብ ተመኝቶ ነበር፤ የኦክስፎርዱ የቋንቋ ሊቅ ጆን ሮናልድ ቶልኪን (1892–1973) ግን በልቡናው የፀነሰውን አንድ ጥንታዊ ልሳን፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ራሱ በልብ ወለድ ዓለሙ በየነገዱ በተነው።

ከዚያ ከአንዱ ምንጭ ከወጡት ልሳናት ክዌንያ የተባለውን የፊንላንድን ቋንቋ ጣዕም፣ ሲንዳሪን የተባለውንም የዌልስን ቋንቋ ለዛ ወድዶ ሠራቸው። ልዩነታቸው በዘፈቀደ የመጣ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ድምፅ ሕግ ተወስኖለት ነው፤ በግዕዝ ፊደል «ኵ» ብለን የምንጽፈው ድምፅ በክዌንያ ሲጸና ቴሌሪ በሚባሉት ነገድ አፍ «ፕ» ስለ ሆነ፣ የቀደሙት ራሳቸውን «ኴንዲ» ብለው የሚጠሩበትን ስም እነዚህ «ፔንዲ» ይሉታል። ክዌንያ ደግሞ «ብ»፣ «ድ» እና «ግ» የተባሉትን ድምፆች እንደ «ም»፣ «ን»፣ «ል» እና «ር» ያሉ ድምፆች ሲቀድሟቸው እንጂ ብቻቸውን አይቀበልም።

ፍጹም አንድ ልሳን ለማቆም ሙሉ ሥልጣን የነበረው ደራሲ ስለ ምን መለያየትን መረጠ? ቶልኪን የካቶሊክ አማኝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1947 በታተመው ስለ ተረት በጻፈው ድርሰቱም፣ ሰው በአርአያ ፈጣሪ ስለ ተፈጠረ እርሱም በመጠኑ ይፈጥራል የሚል አሳብ አቅርቧል። ከዚህ ተነሥቼ እንደማምነው፣ ለፍጥረቱ ሕይወትን የሚሻ ፈጣሪ ዘመንን ሊሰጠው ግድ ነው፤ ዘመን ያለፈበት አፍም ሁሉ ይለወጣልና መለወጡ የኃጢአት ምልክት ሊባል አይገባም።

ኃጢአቱ የሚገባው በሌላ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ገደማ ጽፎት በ1996 በታተመ አንድ ጽሑፍ ቶልኪን እንደሚተርከው፣ ኖልዶር የተባሉት ሕዝብ የምላስ ጫፍ በጥርሶች መካከል ሲገባ የሚሰማውን፣ ዐረቦችና እንግሊዞች ያላቸውን እኛ ግን ፊደል ያላበጀንለትን ድምፅ ትተው «ስ» ማለት ጀመሩ። የንጉሣቸው የበኵር ልጅ ፌአኖር ግን፣ እናቱ እርሱን ከወለደች በኋላ ሞታ አባቱም ሌላ ሚስት አግብቶ ስለ ነበር፣ በስሟ ውስጥ የሚገኘው ያ ድምፅ ሲጠፋ እናቱ ሁለተኛ የሞተች መሰለው፤ አሮጌውንም አነጋገር የወገኑ ምልክት አደረገው። ኀዘኑ እውነተኛ መሆኑን ማን ይክዳል? ነገር ግን በዚያ ኀዘን ምክንያት የአፍ ልማድ የነበረው ነገር ወዳጅና ጠላት የሚለይበት ሚዛን ሆነ። በጽሑፉ ርእስ ውስጥ ያለው «ሺቦሌት» የሚለው ቃል የመጣበት መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12ም ይህንኑ በደም ያስረዳል፤ በዮርዳኖስ መሻገሪያ «ሺቦሌት» ማለት ተስኗቸው «ሲቦሌት» ያሉት ተገደሉ፣ በዚያም ጊዜ ከኤፍሬም የወደቁት 42,000 ነበሩ።

እኛም ሠንና ሰን፣ ሐን፣ ኀንና ሀን በፊደል ለይተን በአፍ አንድ አድርገናቸዋል፤ ሊቃውንቱ ልዩነቱን በጽሕፈት መጠበቃቸው የሚያስመሰግናቸው ሆኖ፣ ሕዝቡ በአንደበቱ ስላዋሐደው አልተወገዘም። በዓለ ኀምሳ መንፈስ ቅዱስ ሲወርድም ከየአገሩ የተሰበሰቡት ሁሉ ሐዋርያት ሲናገሩ በየራሳቸው ቋንቋ ሰሙ እንጂ አንድ ልሳን ብቻ እንዲናገሩ አልታዘዙም።

ስለዚህ እናንተ መምህራንና የቤተ ክህነት አባቶች፣ ከጎጃም ወይም ከወሎ ገጠር የመጣ ልጅ እናቱ ባስተማረችው አነጋገር ሲናገር ጓደኞቹ እንዳይስቁበት ከልክሉልን፤ እናንተም አታሳፍሩት።