ክብደት ለመቀነስ ስናስብ ልካችን ምን ይሁን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ስለ ነፍሳችን ልክ በየጉባኤው እንማራለን፤ እንጠያየቃለንም። ስለ ሥጋችን ልክ ግን የምንነጋገረው ከጉባኤው በኋላ በር ላይ ቆመን ነው። አንዱ «እስከ ፋሲካ ዐሥር ኪሎ እቀንሳለሁ» ይላል፤ ሌላዋ «ለሠርጉ ያ ቀሚስ እንዲገባኝ እራት ትቻለሁ» ትላለች። ብዙዎቹ የተናገሩትን ሳይፈጽሙ ይቀራሉ፤ ከዚያም ያፍራሉ፤ ካፈሩም በኋላ ነገሩን እርግፍ አድርገው ይተዉታል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ለማንሣት ወደድን። አንድ ወጣት ክብደቱን ለመቀነስ ሲነሣ ለራሱ ምን ያህል ቃል ሊገባ ይገባዋል? ሊፈጽመው የማይችለውን ቃል መግባትስ ትጋት ነው ወይስ ራስን ማታለል?

በቅድሚያ አንድ ተቃውሞ እንመልስ። «ስለ ሥጋ ውፍረትና ቅጥነት ማሰብ ለመንፈሳዊ ወጣት ምን ይጠቅመዋል? ከንቱ ውዳሴ አይደለምን?» የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። ሰው እንዲያየን ብቻ ብለን የምንቀጥን ከሆነ በእርግጥ ከንቱ ውዳሴ ነው። ነገር ግን ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በመጀመሪያው መልእክቱ ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ መሆኑን አስተምሮናል። ማደሪያን መጠበቅ ትዕቢት አይደለም። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ለስኳር በሽታ፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም እንደሚያጋልጥ ሐኪሞች ያስረዳሉ። ቅዳሴውን ቆሞ ለማስቀደስ፣ ሠርቶ ለመብላትና ወላጅን ለመጦር ጤና ያስፈልጋል። እንግዲህ ጥያቄው ስለ ሥጋ ማሰብ ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ሳይሆን በምን ልክና ለምን ዓላማ የሚል ነው።

በከተማችን በሐረር አንድ ዘመድ ከርሞ ሲያገኘን «ወፍረሻል፤ ተመስገን!» ይላል። ቀጥነን ሲያየን ደግሞ «ምነው ከሳህ? አመመህ እንዴ?» ብሎ ይደነግጣል። ይህን ሰላምታ ንቀን ልናልፈው አይገባም። አባቶቻችንና እናቶቻችን የ1966ንና የ1977 ዓ.ም.ን ረኀብ ያስታውሳሉ፤ በእነርሱ ዓይን ሥጋ የጠገበ ሰው ማለት እግዚአብሔር የጎበኘው ሰው ነው። ዛሬም ቢሆን ነገሩ ሁለት መልክ አለው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ሴቶች መካከል ከመቶ 22ቱ ከሚገባው በታች የከሱ፣ ከመቶ 8ቱ ደግሞ ከሚገባው በላይ የወፈሩ ሆነው ተገኝተዋል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት የከሱት ከመቶ 30፣ የወፈሩት ከመቶ 3 ነበሩ። የከሳው ቀንሷል፤ የወፈረው ጨምሯል፤ ይሁን እንጂ በዚያ ጥናት መሠረት እንኳ የከሳው ከወፈረው ይበልጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቁም ነገር ይህ ነው፦ መቀነስ የሚያስፈልገው ሁሉም ሰው አይደለም። ጤናማ ሆና ሳለች የሥዕል ላይ ሴት ለመምሰል ራሷን የምታስርብ እኅት ካለች ልናስቆማት እንጂ ልናደንቃት አይገባም።

ታዲያ የሚያስፈልገው ማን እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠቀምበት አንድ ቀላል ስሌት አለ። ቁመትን በሜትር ለክተን በራሱ እናባዛዋለን፤ ከዚያም ክብደታችንን በኪሎ ወስደን ለተገኘው ቁጥር እናካፍላለን። ውጤቱ ከ18.5 በታች ከሆነ ክሳት ነው፤ ከ18.5 እስከ 24.9 ደኅና ነው፤ ከ25 ጀምሮ ከመጠን በላይ ነው፤ ከ30 ጀምሮ ደግሞ ብርቱ ውፍረት ነው። ለምሳሌ ቁመቱ 1 ሜትር ከ65፣ ክብደቱ 80 ኪሎ የሆነ ሰው ውጤቱ 29.4 ይመጣል፤ መቀነስ ይጠቅመዋል ማለት ነው። ይህ ስሌት ለነፍሰ ጡር አይሆንም፤ ጡንቻው በሥራ የዳበረውንም ሰው ሊያሳስት ይችላል። ዕድሜያቸው 19 ዓመት ያልሞላ ታናናሾቻችን ደግሞ ገና በማደግ ላይ ስለ ሆኑ የሚለኩት በዕድሜያቸው በተዘጋጀ ሌላ ሰንጠረዥ ነው። ሐኪም ወይም የጤና ባለሙያ ሳያማክሩ ምንም እንዳይጀምሩ አደራ እንላለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ላይ ግንብ ሊሠራ ስለሚያስብ ሰው አስተምሯል። ያ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ካላሰላ መሠረቱን ጥሎ መፈጸም ያቅተዋል፤ አላፊ አግዳሚውም ይሳለቅበታል። ትምህርቱ የተሰጠው ስለ ደቀ መዝሙርነት ነው፤ ነገር ግን ለማንኛውም ቃል ኪዳን ይሠራል። እኛ የሐረር ልጆች ግንብ ማለት ምን እንደ ሆነ እናውቃለን። የጁገል ግንብ በ16ኛው መቶ ዘመን በአሚር ኑር ጊዜ እንደ ተሠራ ታሪክ ይነግረናል፤ ዛሬም ቆሟል። የቆመውም ድንጋይ በድንጋይ ላይ በልክ ስለ ተቀመጠ ነው።

እስቲ እኛም ወጪውን እናስላ። የሰውነት ስብ አንድ ኪሎው 7,700 ካሎሪ ያህል ኃይል ይዟል። «በአንድ ወር ዐሥር ኪሎ እቀንሳለሁ» ያለ ወጣት እንግዲህ 77,000 ካሎሪ ማጉደል አለበት፤ ይህም በቀን 2,500 ይበልጣል። አንድ ሙሉ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ የሚበላው ብዙውን ጊዜ ከ2,000 እስከ 2,500 ካሎሪ ቢሆን ነው። ስለዚህ ይህ ወጣት ለራሱ የገባው ቃል ወር ሙሉ ምንም አልበላም ማለት ነው። ቃሉን ሲሰጥ ግን ይህን አላሰበም። ሳይፈጽም ሲቀር «ደካማ ነኝ» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። እኛ ግን ጥፋቱ ከድካሙ ይልቅ ከስሌቱ ነው እንላለን። ሲጀምር ለራሱ እውነቱን አልነገረውም።

ሌላውን ስሌት ደግሞ እንመልከት። የጁገል ግንብ ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ከሸዋ በር ተነሥቶ በቡዳ በር፣ በሰንጋ በር፣ በኤረር በርና በፈላና በር አድርጎ ቢመለስ፣ ያ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 150 ካሎሪ ያህል ያወጣል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ደግሞ 130 ካሎሪ ያህል ስኳር አለው። እንግዲህ ከተማውን ዞሮ መጥቶ አንድ ለስላሳ ቢጠጣ ድካሙን ሁሉ ከሞላ ጎደል መልሶ ጠጣው ማለት ነው። ነገር ግን በየቀኑ ይጠጣ የነበረውን አንድ ለስላሳ ትቶ በሳምንት አምስት ቀን ቢዞር፣ በሳምንት 1,600 ካሎሪ ያህል ያጎድላል፤ ይህም 200 ግራም ነው። በአምስት ወር ውስጥ ወደ አራት ኪሎ ይጠጋል። አራት ኪሎ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከ80 ኪሎ ከመቶ አምስት እጅ ነው። ከመቶ ከአምስት እስከ ዐሥር እጅ መቀነስ ብቻውን የደም ግፊትንና የደም ስኳርን እንደሚያሻሽል ሐኪሞች ይናገራሉ። ፈጠን ማለት ለሚፈልግ እንኳ የሚመከረው በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ነው።

«ታዲያ ትንሽ ግብ ማውጣት ስንፍናን አያስተምርም? እኛ የተጠራነው ለፍጹምነት አይደለም ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱንም ከራሳችን ቤት እናገኘዋለን። የንስሐ አባት ቀኖና ሲሰጥ የሰውን ዕድሜ፣ ጤናና አቅም አይቶ ነው። ለሽማግሌውና ለጎልማሳው፣ ለታመመውና ለጤነኛው አንድ ዓይነት ስግደት አያዝም። እንዲህ ማድረጉ ኃጢአትን ማቃለሉ አይደለም፤ ሰውዬው ቀኖናውን ፈጽሞ እንዲነሣ ስለሚፈልግ ነው። የምንጓዝበት አቅጣጫ ከፍ ያለ ይሁን፤ እርምጃችን ግን እግራችን የሚችለው ይሁን። አቅምን ማወቅ ትሕትና ነው። «እኔ ከሌላው ሰው የተለየሁ ነኝ፤ በአንድ ወር እጨርሰዋለሁ» ማለት ግን ትጋት ይምሰል እንጂ ውስጡ ትዕቢት አለበት። የትዕቢትም መጨረሻው ተስፋ መቁረጥ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የጾምን ነገር ሳናነሣ ማለፍ አንችልም፤ ብዙ ወጣቶች ዐቢይ ጾምን የመቅጠኛ ጊዜ አድርገው ይጠብቁታልና። በኢሳይያስ ምዕራፍ 58 እንደ ተማርነው ጾም እንጀራን ለተራበ ከመቁረስ ጋር የተያያዘ ነው፤ በተራራውም ስብከት ጌታ ሰው እንዲያየን ብለን እንዳንጾም አስጠንቅቆናል። ስለ ሚዛን ብለን ከጾምን ጾማችንን ለሚዛን ሸጥነው ማለት ነው። ከዚህም በላይ በሥጋዊው ስሌት እንኳ አያዋጣም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ያለው በዓለ ኀምሳ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ የማይጾምበት 50 ቀን ነው። በሁዳዴ የጎደለው ኪሎ በበዓለ ኀምሳ ይመለሳል። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዳሉት ነው። ደግሞም በጾም ወፈርን የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳና ስኳር የበዛበት ሻይ የጾም ምግብ ተብለው ቢጠሩም ለሚዛን ርኅራኄ የላቸውም። ጾማችንን ለእግዚአብሔር እንተውለት፤ ኪሎውን በሌላ መንገድ እንፈልገው።

በከተማችን ካሉት ፈተናዎች አንዱ ጫት ነው። ጫት የምግብ ፍላጎትን እንደሚዘጋ ስለሚያውቁ ለመቅጠን ብለው የሚጀምሩ ወጣቶች አሉ። ከጫቱ ጋር የሚጠጣውን ለስላሳና ስኳር አይቆጥሩትም፤ ሌሊት የሚያጡትን እንቅልፍና ኋላ የሚያስራቸውን ሱስም አያስቡትም። በየመደብሩ የሚሸጥ የማቅጠኛ ሻይና ዱቄት፣ በልቶ ማስመለስና የማስቀመጫ መድኃኒት መውሰድም እንዲሁ ናቸው። እንዲህ ወደ ማድረግ የደረሰ ወንድም ወይም እኅት ካለ ታሟልና አንሳቅበት፤ ወደ ሕይወት ፋና ወይም ወደ ጁገል ሆስፒታል ይዘነው እንሂድ።

እንግዲህ ግብ ስናወጣ የሚከተሉትን እናስብ እንላለን።

1ኛ/ ግባችን በእጃችን ያለውን ነገር የሚመለከት ይሁን። ሚዛኑ ምን እንደሚያሳይ ማዘዝ አንችልም፤ ስንት ቀን እንደምንራመድና ሻያችን ውስጥ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደምንጨምር ግን ማዘዝ እንችላለን።

2ኛ/ የማን ቤት እንዳለን አንርሳ። ብዙዎቻችን የምንበላው እናታችን ከሠራችው፣ ከአንድ ትሪ ላይ ነው። ድስቱን የምናዘው እኛ አይደለንም። ስለዚህ «ለእኔ ለብቻ ይሠራልኝ» ከማለት ቀስ ብለን መብላትና ቀደም ብለን እጃችንን መታጠብ ይሻላል። እናት «በሞቴ ይህችን ብቻ!» ስትል አንዷን ጉርሻ በምስጋና መቀበል ግቡን አያፈርሰውም፤ እርሷን ማስቀየም ግን ቤቱን ያሳዝናል።

3ኛ/ የምንወድቅበትን ቀን አስቀድመን በስሌቱ ውስጥ እናስገባ። በጥር ሠርግ አለ፤ ማኅበር አለ፤ ፋሲካ አለ። የአንድ ቀን ግብዣ የአምስት ወር ሥራ አያጠፋም። የሚያጠፋው «አንዴ ተበላሽቷል» ብሎ መተው ነው።

4ኛ/ ከትርፉ ለሌላ እናካፍል። የቀረው የለስላሳ ዋጋ በሳምንት ተጠራቅሞ ለአንድ ችግረኛ እንጀራ ይሆናል። በዚያን ጊዜ የእኛ መቅለል ለሌላው መጥገብ ይሆናል፤ የሥጋችን ጉዳይም ከራስ ወዳድነት ይወጣል።

5ኛ/ አንሳለቅ። «ወፍራሙ»፣ «ቀጫጫዋ» እያሉ መጥራት ሰውን ወደ ጤና አያመጣም። ያፈረ ሰው የሚያወጣው ግብ ሁልጊዜ ከአቅሙ በላይ ነው፤ ከኀፍረቱ በአንድ ቀን መውጣት ስለሚፈልግ። አብሮት የሚራመድ ባልንጀራ ያለው ሰው ግን አይቸኩልም።

ውድ አንባብያን፤ ለራሳችን የምንገባው ቃልም ቃል ነው። ለሌላ ሰው መዋሸት ኃጢአት መሆኑን ተምረናል፤ ለራሳችን ከአቅም በላይ ቃል እየገባን በየወሩ ስናፈርሰው ግን ቃላችንን ራሳችን እንኳ ወደማናምንበት ደረጃ እንደርሳለን። የራሱን ቃል የማያምን ወጣት ነገ በትዳሩም፣ በሥራውም፣ በአገልግሎቱም ቃሉን መጠበቅ ይከብደዋል። ስለዚህ አራት ኪሎ ብሎ አራት ኪሎ የፈጸመ ወጣት፣ ዐሥራ አምስት ብሎ ከተወው ይልቅ ብዙ አትርፏል። አራት ኪሎ ቀንሷል፤ ከዚያም የሚበልጠውን የቃሉን እውነት አጽንቷል።

እግዚአብሔር አምላካችን የጀመርነውን በልካችን እንድንፈጽም ያበርታን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።