የመንዝ ገበሬና የምርጫ ካርዱ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ስለ መንግሥት ነገር ግድ የማይለው ሰው ማግኘት ያስቸግራል፤ በመሐል ሜዳ፣ በራቤልም ሆነ በዓለም ከተማ ገበያ፣ በጽዋ ማኅበርና በለቅሶ ቤት የሹም ሽር፣ የማዳበሪያ ዋጋና የጸጥታ ጨዋታ አይጠፋም። ይህ ሐተታ የሚመረምረው እንዲህ ያለው የፖለቲካ ፍላጎት፣ ማለትም የአገርን አስተዳደር ለማወቅና ስለ እርሱ ለመነጋገር ያለው ጉጉት፣ ስለ ምን በዚያው መጠን ተሳትፎ እንደማይሆን ነው፤ ተሳትፎ ሲባልም ውሳኔ ከሚሰጥበት ቦታ ገብቶ መወሰንና የወሰነውን መከታተል ነው።

ፈጥኖ የሚመጣው መልስ ነገሩን ከጠባይ ያያይዘዋል። አሜሪካዊው የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን መንዝን በቅርብ ካጠና በኋላ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፉ የአማራው ገበሬ ግለኛ እንደ ሆነ፣ ከቤተሰብና ከአለቃ ውጭ ያለው የጋራ ማኅበርም ደካማ እንደ ሆነ አትቷል። ይህ እውነት ከሆነ የምርጫ ካርድ ማደል ፋይዳው ጥቂት ነው። ነገር ግን እዚያው መንዝ ይህን መደምደሚያ የሚያናጋ ማስረጃ አለ።

100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የጓሳ ምድር ለብዙ ዘመን በቄሮ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ቄሮ ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱ ባለ ርስቶች አባ ቄራ የሚባል አለቃ በየወገናቸው መርጠው፣ ሣሩ እስኪጎለምስ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ምድሩን የሚዘጉበትና በጊዜው የሚከፍቱበት ደንብ ነው። መራጩ የመረጠውን ሰው ሥራ በዓይኑ ያይ ነበር፤ አለቃው ቢያዳላ ወይም ቢዘናጋ ቤት የሚከደንበትና ገመድ የሚገመድበት ሣር ይጎድላል፣ በድርቅ ዓመትም ከብት የሚጠጋበት ግጦሽ ይጠፋል።

እዚህ ላይ ሌላ ጥርጣሬ ይነሣል፤ ቄሮ የሕዝብ ተሳትፎ ነበር ወይስ የጥቂቶች ድርሻ? ከአስቦና ከጌራ ትውልድ ያልሆነ ሰው ቃል አልነበረውም፤ ስለዚህ የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን መሻሩ ፍትሐዊ ነበር። ሆኖም በሩ ሲከፈት ጠባቂው አብሮ ተሰናበተ፣ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ግን ነዋሪው ቀድሞ ከደጅ የቀሩትንም ጨምሮ ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን መለሰው፤ በ2004 ዓ.ም. የአማራ ክልል መንግሥት በደንብ አጸናለት። እንግዲህ ጠባይ ጥፋተኛ አይደለም፤ የውሳኔው ውጤት ወደ ወሳኙ ደጅ ፈጥኖ በሚመለስበት ቦታ ያው ገበሬ ይመርጣል፣ ይጠብቃል፣ ይጠይቃልም።

ታዲያ ጥፋቱ የምርጫው ሕግ ነው ቢባል፣ ሕጉም በራሱ ክፉ አይደለም። በ2013ቱ ስድስተኛ ጠቅላላ ምርጫ 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር የኖረ ሰው እስከ 1,500 መራጭ በሚይዝ ጣቢያ ተመዝግቦ ካርድ ይወስድ ነበር፤ ድምፁም እዚያው ተቆጥሮ ውጤቱ እዚያው ይለጠፋል። ከዚያ በኋላ ግን ተመራጩ ወደ አራት ኪሎ ወይም ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የሕዝብ አመኔታ ያጣ የምክር ቤት አባል እንደሚወገድ ቢደነግግም፣ በዚህ መብት ለመጠቀም አስቀድሞ ተወካዩ በምን ጉዳይ እንዴት ድምፅ እንደ ሰጠ ማወቅ ያሻል።

ለመንዝ ገበሬ የጓሳን ያህል ቅርብ የሚሆነው የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት ነው፤ የይዞታ ክርክር፣ የማዳበሪያ እደላና የመንገድ ሥራ የሚታዩት እዚያ ነው። የአካባቢ ምርጫ ግን ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በሚያዝያ 2005 ነው። በዚያ ዓመት የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ለመምረጥ ዕድሜው የደረሰ ቢሆንም ለቀበሌው ምክር ቤት አንድም ጊዜ አልመረጠም። ይህ እጅግ ያሳዝናል፤ ፍላጎቱ ወሬ ሆኖ ቢቀር ጥፋቱ የእርሱ አይደለምና።

ከ2015 ወዲህ በክልሉ ጦርነት ባለበት ስለ ካርድ መነጋገር ቅንጦት ነው የሚል ተቃውሞ ይቀርባል፤ ሰው ከመንደሩ ወጥቶ በሰላም መመለሱን በሚጠራጠርበት ጊዜ ምርጫ ነፃ ሊሆን ስለማይችል ተቃውሞው ክብደት አለው። ነገር ግን በ2010 መደረግ የነበረበት የአካባቢ ምርጫ የተላለፈው ከጦርነቱ አስቀድሞ ስለ ሆነ ጦርነቱ የመቅረቱ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ሰላም በሚመለስበት ቀን ከሁሉ በፊት የቀበሌው ምርጫ ሊደረግ ይገባል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ በቂ ሥልጣን ይሰጣቸዋል የተባሉት እነዚሁ ዝቅተኛ እርከኖች ናቸውና፣ በቄሮ ዘመን ቃል ያልነበራቸው ሰዎችም ድምፃቸው ከማንም እኩል የሚቆጠረው በዚያ ነው።